የተረፈው ቀን የማን ነው?

ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ከገዛው ነገር እኩሌታውን ተጠቅሞበት እኩሌታውን ቢያስቀምጠው፣ ብዙ ዓመትም ቢያልፍ፣ የተረፈው የማን ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ እኔም ቀላል መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ጥር በቤቴ ቡና ላይ ቢነሣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንድ ነጋዴና አንድ ወጣት አስተማሪ እስከ በረካው ድረስ ተከራክረውበት ሳይስማሙ ተለያዩ። እኔን ያሳዘነኝ አለመስማማታቸው አይደለም፤ በሁለቱም ወገን የቆሙት የተሳሳቱ ስለ መሰለኝ ነው። እንግዶቼን በቤቴ መቃወም ነውር ስለ ሆነብኝ ያን ዕለት ዝም አልሁ፤ ዛሬ ግን በወረቀት እቃወማቸዋለሁ።

ነገሩን ያመጣው ከአሜሪካ የመጣ ደብዳቤ ነው። (ደብዳቤ የምለው በልማድ ነው እንጂ የደረሰኝስ በስልክ ነው።) ጸሐፊዋ በስማዳ ሳስተምር ከተማሪዎቼ አንዷ ነበረች። ከታላቅ ወንድሟ ጋር አሜሪካ ከገቡ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ሁለቱም ከደመወዛቸው ቆጥበው በፍሎሪዳ ወደሚገኘው ወደ ዋልት ዲዝኒ የመዝናኛ ሥፍራ ሄዱ፤ ለየራሳቸውም አራት አራት ቀን የሚያስገባ ቲኬት ገዙ። ሁለት ቀን እንደ ተጫወቱ የእናታቸው መርዶ ደረሳቸውና እያለቀሱ ተመለሱ። ወንድሟም ከዓመታት በኋላ ታሞ ዐረፈ። እርሷ ዘንድሮ ቤት ስትለውጥ በወንድሟ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሁለቱን ቲኬቶች አገኘቻቸው። በእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ቀን ቀርቷል። አሁን የስምንት ዓመት ልጅ አላት።

«ጋሼ» ትለኛለች፣ «እኔ በቲኬቴ፣ ልጄ ደግሞ በወንድሜ ቲኬት ብንገባ ነውር ይሆን? ያገሬ ሰዎች ‹ተከፍሎበታል፣ ግቡበት› ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ ‹ከሃያ ዓመት በኋላ አሮጌ ወረቀት ይዘሽ በሰው በር አትዋረጂ› ይለኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?»

ስለዚህ ሥፍራ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልናገር። ዲዝኒ የመጀመሪያውን የመዝናኛ ሥፍራ በካሊፎርኒያ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ የፍሎሪዳው የተከፈተው በ1971 ሲሆን የዚያን ጊዜ መግቢያው ሦስት ዶላር ተኩል ነበር። በዚያ ዘመን ሰው በር ላይ መግቢያውን ከፍሎ፣ ለየጨዋታው ደግሞ ከኤ እስከ ኢ በፊደል የተለየ ኩፖን በጥራዝ ይገዛ ነበር። ትንንሹ ጨዋታ በኤ፣ ትልቁ በኢ ነበር። ኩፖኑ በ1982 ቀርቶ በአንድ መግቢያ ሁሉን መጫወት ተፈቀደ። ከዚያም ብዙ ቀን የሚያስገባ ቲኬት ተለመደ። እስከ 2004 መጨረሻ በተሸጠው የብዙ ቀን ቲኬት ላይ ያልተሠራበት ቀን ጊዜ አያልፍበትም የሚል ቃል ነበር። ከ2005 ወዲህ ግን ያን ቃል የሚፈልግ ሰው ተጨማሪ ዋጋ መክፈል ነበረበት፤ ያልከፈለ የመጀመሪያውን ቀን ከገባ በኋላ በዐሥራ አራት ቀን ውስጥ መጨረስ ግዴታው ሆነ። በ2015 ያም አማራጭ ቀረ። እንግዲህ የተማሪዬ ቲኬት የድሮው ቃል ያለበት ነው ማለት ነው። በአገራችን ከዚህ ዓይነቱ ሥፍራ የሚቀርበው በመስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ የተመረቀው አንድነት ፓርክ ነው፤ የእርሱ መግቢያ ግን የአንድ ቀን ስለ ሆነ እንዲህ ያለ ትራፊ የለውም።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። ነጋዴው እንደ ባልዮው «ያለፈ አለፈ» ባይ ነው። «ሃያ ዓመት ያለፈበት ወረቀት ምን ዋጋ አለው? የዛሬ መግቢያ በቀን ከመቶ ዶላር በላይ ሆኖ ሳለ በድሮ ዋጋ ልግባ ማለት ሻጩን መዝረፍ ነው» አለ። ከሽማግሌዎቹም አንዱ ደገፈው።

እኔ ግን እጠይቀዋለሁ፤ ዘራፊው ማን ነው? ሻጩ ገንዘቡን በ2003 ሙሉ በሙሉ ተቀብሏል። ያ ገንዘብ ሃያ ዓመት ሙሉ በሻጩ እጅ ሲሠራ ኖሯል፤ የገዢው ሁለት ቀን ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ተቀምጦ አልወለደም፣ አልረባም። ዋጋ ቢወደድ ገዢው አላስወደደውም። ሻጩ ራሱ «ጊዜ አያልፍበትም» ብሎ ጽፎ ከሸጠ በኋላ ገዢው ቃሉን ቢጠይቀው ዝርፊያ ከተባለ፣ በዚህ ዓለም ላይ ውል የሚባል ነገር ሁሉ ቀለም የፈሰሰበት ወረቀት ብቻ ነው። ነጋዴው ራሱ ለገበሬ እህል በዱቤ ሰጥቶ በዓመቱ «ያለፈ አለፈ» ሲባል ዝም እንደማይል እኔም አውቃለሁ፣ ገበያተኛውም ያውቃል።

በጋይንትና በእስቴ ያደገ ሰው ወንፈልን ያውቃል። ደቦ ሌላ ነው፤ ደቦ ጠላው ተጠምቆ እንጀራው ተጋግሮ የሚወጣ ነውና ቀኑ አይቆጠርም። ወንፈል ግን በቀን የሚቆጠር ነው። ዛሬ እኔ ያንተን ገብስ ካጨድሁ ነገ አንተ የእኔን ታጭዳለህ፤ ሁለት ቀን ከዋልሁልህ ሁለት ቀን ትውልልኛለህ። አንድ ጎረቤታችን አባቴ ሁለት ቀን አጭዶለት አንዱን መልሶ አንዱ ቀርቶበት ነበር። በዚያው መካከል የ1977ቱ ድርቅ መጣ፤ ሰውየውም ከሠፋሪዎቹ ጋር ወደ መተከል ሄደ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በ1984 ተመልሶ መጣ። አባቴ በዚያ መካከል ሞቶ ነበር። ሰውየው በመኸር አንድ ማለዳ ማጭዱን ይዞ እናቴ ደጅ ቆመና «እመይቴ፣ አንድ ቀን ነበረብኝ» አላት። ቀኑን ሙሉ አጨደ፤ ሲመሽ ጥቂት ጠላ ጠጥቶ ሄደ። ማንም ጊዜው አልፎበታል አላለውም፤ እርሱም አላለም። የቀን ሥራ ዋጋ ከ1977 እስከ 1984 ስንት እጥፍ እንደ ጨመረ ያሰላም አልነበረም። አንድ ቀን አንድ ቀን ነው።

በእርግጥ ጊዜ ሊወሰን አይገባም አልልም። አስቀድሞ የተነገረና ምክንያት ያለው ቀጠሮ ሌላ ነው። በመስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶች እንዲለወጡ፣ አዲስ የ200 ብር ኖትም እንዲወጣ ሲታወቅ የሦስት ወር ጊዜ ተሰጥቶ ነበር። በእኛ መንደር አንዲት ባልቴት ለተዝካራቸው በማሰሮ ውስጥ የቀበሩትን ብር ቀኑ ካለፈ በኋላ አስታውሰው አወጡት። እኔም አብሬያቸው አዝኛለሁ። ነገር ግን ቀኑ በሬዲዮም በገበያም ስለ ተነገረ ተዘረፉ ማለት አልችልም። የማልወደው ሌላውን ነው። ዛሬ ወጣቱ ሁሉ የስልክ ጥቅል ይገዛል፤ ሃያ አራት ሰዓት ሲሞላ ያልተናገረበት ደቂቃ ይጠፋል። አስቀድሞ ስለ ተነገረ ሕጋዊ ነው፤ እሺ። ነገር ግን ደቂቃ እንደ ወተት አይሻግትም፣ እንደ ሥጋ አይሸትም። ሻጩ የሚያጠፋው ስለ ተበላሸ አይደለም፤ ገዢው ሌላ እንዲገዛ ነው። ዲዝኒም በ2005 የጀመረው አሠራር ከዚህ የተለየ ሆኖ አይታየኝም። ቀድሞ በዋጋው ውስጥ የነበረውን ቃል አውጥቶ ለብቻው ሸጠው፤ በኋላም ከነጭራሹ ተወው። ለአዲስ ገዢ ይህን ማድረግ መብቱ ነው፤ የድሮዎቹን ቲኬቶች አለመሻሩን ግን አመሰግንለታለሁ።

ስለዚህ ስለ ራሷ ቲኬት ለተማሪዬ መልሴ አጭር ነው። ባልዋ «አትዋረጂ» ሲል ተሳስቷል። የሚዋረድ ቃሉን የሚክድ እንጂ የተገባለትን ቃል የሚጠይቅ አይደለም።

ሁለተኛው ወገን ከዚህ ይልቅ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚቆመው ከዚያ ዘንድ ነው። ወጣቱ አስተማሪ «ተከፍሎበታል» አለ። «አራት ቀን ተገዝቷል፤ ሁለት ቀን ቀርቷል። ወንድምየው ገባ፣ የእኅቱ ልጅ ገባ፣ ለባለ ፓርኩ ምን ለውጥ አለው? አንድ ሰው ነው የሚገባው። ደግሞስ ያን ያህል ባለጸጋ የሆነ ድርጅት በአንድ ሕፃን ይደኸያልን?»

አይደኸይም። ይህን አምኜ እጀምራለሁ፤ ክርክሬን በድርጅቱ ድህነት ላይ ልሠራው አልፈልግም። ነገር ግን አስተማሪው የሒሳብ መምህር ሆኖ ሳለ ሒሳቡን አላየውም። የእነዚህ ቲኬቶች ዋጋ ቀኑ በበዛ መጠን ለየቀኑ የሚደርሰው እያነሰ የሚሄድ ነው። ሻጩ ይህን ያህል የሚቀንሰው ያው አንድ ሰው አራት ቀን እንደሚመላለስ ቈጥሮ ነው። አንዱ ገዝቶ ለሁለት ወይም ለአራት ሰው የሚከፋፈል ከሆነ ቅናሹ የተሰጠበት ምክንያት ይፈርሳል። ለዚህም ነው በቲኬቱ ላይ ለሌላ አይተላለፍም የሚል ቃል ያለው። የፍሎሪዳም ሕግ አንድ ጊዜ የተገባበትን የማይተላለፍ የብዙ ቀን ቲኬት መልሶ መሸጥን ወንጀል አድርጎታል፤ በመንገድ ዳር የተጋመሰ ቲኬት የሚነግዱ ሰዎች ስለ ነበሩ። በኋላም በበሩ ላይ የገቢውን ጣት የሚለይ መሣሪያ ቆመ። እንግዲህ «ጊዜ አያልፍበትም» የሚለውን ቃል ይዘን «አይተላለፍም» የሚለውን ብንጥል፣ ሁለቱም በአንድ ወረቀት ላይ የተጻፉ ናቸውና፣ የምንወድደውን ብቻ ማንበባችን ነው።

«ተከፍሎበታል» የሚለው ቃል በእኛ አገርም ሌላ ልብስ ለብሶ ይሄዳል፤ እኔን ያስቆጣኝ ይኸው ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሴፍትኔት በገባባቸው በጋይንትና በስማዳ ቀበሌዎች ያለ ሰው ሁሉ የተረጂውን ካርድ ያውቀዋል። መሥራት የሚችል በወር የተወሰነ ቀን እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠግናል፤ ለቤተ ሰቡ ቍጥርም እህል ወይም ገንዘብ ይቀበላል። ሰው ይሞታል፤ ካርዱ ግን አይሞትም። በሟች ስም ለወራት ሲቀበሉ አይቻለሁ። ሲጠየቁም «ለእርሱ የተመደበ ነው፤ እኔ ባልወስደው አይጥ ይበላዋል» ይላሉ። ይህን የሚሉት ሌቦች አይደሉም፤ በሰንበት ከእኔ ጋር የሚቆሙ፣ ለለቅሶ የሚደርሱ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ከስም ዝርዝሩ ውጭ ሁለት ልጅ ይዛ በሰልፉ ጥግ የምትቆም ሴት አለች። የሟቹ ስም ካልተሠረዘ የእርሷ ስም አይገባም። በፓርኩ በር እንዲህ ያለች ሴት የለችም፤ ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ አንድ ነው፤ በፍሎሪዳ የለመደው አፍ በነፋስ መውጫ አይጠፋበትም።

ወጣቱ አስተማሪ ግን ብልህ ነው፤ የወንፈሉን ታሪክ ከእኔ ሰምቶት ያውቃልና መለሰብኝ። «ያ ሰው የአባትዎን ቀን ለእናትዎ አጨደላቸው አይደለም? የሟች ቀሪ ለቤተ ሰቡ ተላለፈ ማለት ነው። ታዲያ የወንድሟ ቀን ለልጇ ቢተላለፍ ምን ነውር አለው?» አለኝ። በዚያን ዕለት መልስ አጣሁ። ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርሁ፤ ጧት ላይ ግን ልዩነቱ ታየኝ። ወንፈል ከመነሻው በቤትና በቤት መካከል ያለ ዕዳ ነው፤ ይህ አንድ። ሁለተኛውና ዋናው ግን፣ ያ ሰው ማጭዱን ይዞ የመጣው ራሱ ነው። እኛ የአባቴን ጋቢ ለብሰን በጨለማ ደጁ ሄደን «እኔ እገሌ ነኝ፣ ቀኔን መልስልኝ» አላልነውም። ባለ ዕዳው ወድዶ ለሟች ቤት ቢያሰፋው ቸርነት ነው። ተቀባዩ በሟች ስም ቢወስደው ግን ምን ስም እንደምንሰጠው ሁላችን እናውቃለን። ሕፃኑን በአጎቱ ቲኬት የምታስገባ እናት በር ላይ አንድ ነገር ማድረግ አለባት፤ ልጁ አጎቱ ነኝ ብሎ እንዲያልፍ ማድረግ። በአፉ ባይናገረውም በእጁ ይሰጠዋል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው ለጌጥ ብቻ አይመስለኝም።

በዚህ ነገር ላይ ድምፄን ከፍ የማደርገው ንጹሕ ስለ ሆንሁ እንዳይመስላችሁ የራሴን ልንገራችሁ።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር ሩቅ ለምንመጣ ልጆች ምሳ ይሸጥልን ነበር። አባቴ በግ ሸጦ የምሳ ካርድ ገዛልኝ። ካርዷ ቡናማ ስትሆን ዐሥር ክቦች ታትመውባታል፤ በበላን ቍጥር የምግብ ቤቷ ኃላፊ፣ አንዲት አሮጊት የውጭ አገር ሴት፣ አንዱን ክብ በብረት ትበሳዋለች። ስድስት ከተበሳ በኋላ ክፉ አሳብ መጣብኝ። የጧፍ ሰም ከአመድ ጋር ለውሼ አንዱን ቀዳዳ ደፈንሁት፤ መልኩ ልክ ካርዷን መሰለ። በላሁ። ተበሳ፤ ደግሜ ደፈንሁ። ደግሜ በላሁ። በሦስተኛው ቀን ግን ፀሐይ በርትታ ካርዷም በደረት ኪሴ ውስጥ ስለ ነበረች ሰሙ ቀለጠ። ተራዬ ደርሶ ሳወጣት ሸሚዜ ላይ ተጣብቃ ወጣች፤ ቀዳዳዋም በሴትየዋ ፊት ቦግ ብላ ታየች። ከኋላዬ የተሰለፉት ልጆች ሣቁ። ሴትየዋ አልሣቀችም፣ አልተቆጣችምም። ሳህኔን ሞልታ ሰጠችኝና፣ ስበላ ቆይታ፣ ለሦስቱ ምሳ ሦስት ቀን ዕቃ አሳጠበችኝ።

እስካሁን የሌባ ታሪክ ነው። የማልረሳው ግን ተከታዩን ነው። በካርዷ ላይ በእውነት የቀሩኝ አራት ክቦች ነበሩ። እፍረት ስለ ያዘኝ ዓመቱ እስኪዘጋ ወደ ምግብ ቤቱ አልተመለስሁም። ክረምት አልፎ መስከረም ሲጠባ ካርዷ ከሳጥኔ ሥር ወጣች። አዲስ ካርድ መጥቷል፤ ቀለሙም ዋጋውም ተለውጧል። አባቴ ያን ዓመት የሚሸጠው በግ አልነበረውም። እየተንቀጠቀጥሁ ሄጄ አሮጌዋን ካርድ ዘረጋሁላት። መነጽሯን አድርጋ አየችኝ፤ አወቀችኝ። ካርዷን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ ሰም እንደ ሌለባት ተመለከተች። ከዚያም በተሰባበረ አማርኛዋ «አራት አለህ» አለችኝ፤ አንዱን በሳች።

ሌባ ነበርህና ቀሪህ ተወርሷል ልትል ትችል ነበር፤ የሚፈርድባት አልነበረም። አሮጌ ነውና አይሠራም ብትልም ያው። አሮጊቷ ግን የሰረቅሁትን በዕቃ አጠባ አስከፍላኛለች፤ የከፈልሁትን ደግሞ አልሰረቀችኝም። ሁለቱን ሒሳብ አልቀላቀለችውም። እኔ አርባ ዓመት ገደማ ሳስተምር፣ ያጠፋ ልጅ በትክክል ያገኘውን ውጤት በቍጣ ቀንሼበት እንደ ሆነ እያስታወስሁ፣ ከዚያች ሴት ያነስሁባቸው ቀኖች እንዳሉ አውቃለሁ።

ለተማሪዬ የጻፍሁላት እንዲህ ነው። «ልጄ፣ በራስሽ ቲኬት ቀና ብለሽ ሂጂ። ወረቀቱ ያረጀ ስለ ሆነ በሩ ላይ ያለው መሣሪያ ላያነበው ይችላልና አስቀድመሽ ወደ እንግዳ መቀበያው ቢሮ ውሰጂው። ዕድሜውን አትደብቂ፤ ያንቺ ዕዳ አይደለምና ይቅርታም አትጠይቂበት። የወንድምሽን ግን ለልጅሽ በእጁ አትስጪው። ከፈለግሽ ለብቻው ለመስኮቱ ሠራተኛ አሳዪና የሆነውን ሁሉ ንገሪው፤ ‹ወንድሜ ሞቷል፣ ይህ የእርሱ ነበር› በዪ። እነርሱ ወድደው ለልጁ ካደረጉት በደስታ ተቀበዪ፣ አመስግኚም። አይሆንም ካሉሽም አትከራከሪ፤ ለአንቺ የገቡት ቃል በዚያ ቲኬት ላይ የለም።»

መልሷ የመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። የወንድሟን ቲኬት ለማንም እንደማታሳየው፣ ከነበረበት ከመጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ እንደ መለሰችው ነግራኛለች፤ በጀርባው በወንድሟ እጅ ጽሑፍ የእናታቸው ስም ተጽፎበት አግኝታለች። ባልዋ አሁንም በአሮጌው ወረቀት ላይ ይሥቃል። ጉዞው ለነሐሴ ነው፤ ለልጁ የሚሆነውን ቲኬት ለመግዛት ከየካቲት ጀምራ እየቆጠበች ነው።